ስድሳ አንደኛው ወንበር

እ.ኤ.አ. ኦገስት 30 ቀን 2014፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ የሌሶቶ ወታደሮች ከሰፈራቸው ወጥተው በዋና ከተማይቱ በማሴሩ የሚገኘውን የፖሊስ ጠቅላይ መምሪያ ያዙ፤ የጠቅላይ ሚኒስትሩንም መኖሪያ ከበቡ፤ የሬዲዮው ድምፅ ተቋረጠ፤ በግርግሩም አንድ ፖሊስ ሕይወቱን አጣ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቶማስ ታባኔ ግን ወሬው አስቀድሞ ደርሷቸው ስለ ነበረ፣ ማሴሩን ከደቡብ አፍሪካ የሚለየውን የሞሆካሬን ወንዝ ተሻግረው በጎረቤት አገር ተጠልለው ነበር። ይህ የሆነው እኚሁ ሰው በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያውን ጣምራ መንግሥት ከመሠረቱ፣ ከእርሳቸው በፊት 14 ዓመት የገዙትም ጠቅላይ ሚኒስትር ያለ አንዳች ሁከት መንበሩን ካስረከቧቸው በኋላ ሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት እንዳለፈ ነው።

ጣምራ መንግሥት እንዴት ተፀንሶ እንዴት እንደሚጨነግፍ፣ ከጨነገፈም በኋላ ከነባሮቹ ፓርቲዎች ወገን ያልሆነ እንግዳ ኃይል በየትኛው በር እንደሚገባ መመርመር የሚሻ ሰው ዓይኑን ወደዚህች አገር ቢያነሣ አይከስርም፤ ሌሎች ሕዝቦች በትውልድ ዘመን ተከፋፍሎ የሚያዩትን እርሷ ከ2012 እስከ 2022 ባሉት ዓመታት ውስጥ አይታዋለችና። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሌሶቶ ዙሪያዋን በደቡብ አፍሪካ ብቻ የተከበበች፣ መላ ምድሯም ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 ሜትር የማይወርድ የተራራ መንግሥት ናት። ብርዱ በጠና ጊዜ በማሎቲ ተራሮች ላይ በረዶ ሲወርድ፣ እረኞቿ የሱፍ ብርድ ልብሳቸውን ተከናንበው በፈረስ ሲጓዙ ለሚያይ የኛ አገር ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ከማሴሩ በስተ ምሥራቅ 24 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ አናቷ የተስተካከለ፣ ገደሏ የማይደፈር ታባ ቦሲው የምትባል አምባ ትገኛለች፤ ቀዳማዊ ሞሽዌሽዌ በ1824 ከጦርነትና ከረኀብ የተረፈውን ሕዝብ ሰብስበው ከየነገዱ ባሶቶ የሚባለውን አንድ ብሔር ያቋቋሙት በዚያች አምባ ላይ ነው። ሞሽዌሽዌ የነጭ ሰፋሪዎቹ የቦዌሮቹ ግፊት በበረታባቸው ጊዜ የእንግሊዝን ጥበቃ ለምነው ማርች 12 ቀን 1868 ጥያቄያቸው ተፈጸመ፤ አንድ ወር ብቻ እንዳለፈ፣ ኤፕሪል 13 ቀን፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ አምባቸው ላይ በእንግሊዝ ጦር ፊት ነፍሳቸውን ሰጡ። ሁለት የአምባ ነገሥታት በአንድ ዘመንና በአንዲት መንግሥት እጅ እንዲህ የተለያየ ዕጣ ማግኘታቸውን ባሰብሁ ቁጥር ልቤ ይነካል።

ሞሽዌሽዌ ለሕዝባቸው የተዉት ውርስ አምባው ብቻ አልነበረም። ፒትሶ የተባለው የአደባባይ ሸንጎም አለ፤ በዚያ ሸንጎ ማናቸውም ሰው በአለቃው ፊት ቆሞ አለቃውን መውቀስ ይችል ነበር፣ ነገሩም የሚቆረጠው በድምፅ ብልጫ ሳይሆን ከረጅም ክርክር በኋላ በሚገኝ ስምምነት ነበር። አለቃ አለቃ የሚሆነው በሕዝቡ ነው የሚለው የባሶቶ ብሂል ከዚያ ዘመን ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። አገሪቱ በ1966 ነጻነቷን ስትቀዳጅ የወረሰችው የምርጫ ሕግ ግን የእንግሊዞቹ ነበር፤ ይኸውም በየወረዳው በአንድ ድምፅ እንኳ የበለጠው ወንበሩን ጠቅልሎ የሚወስድበት፣ የቀረው ሕዝብ ድምፅ ግን እንዳልተሰጠ የሚቆጠርበት ሥርዓት ነው።

የዚህ ሥርዓት ፍሬ መራራ ሆነ። በ1970 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሌአቡአ ጆናታን ምርጫው ወደ ተቃዋሚዎቻቸው ማድላቱን ባዩ ጊዜ ውጤቱን ሰርዘው፣ ሕገ መንግሥቱን አግደው በሥልጣን ቆዩ፤ በ1986 ደግሞ እርሳቸውን ጦሩ አወረዳቸው። በ1993 ምርጫ እንደገና በተደረገ ጊዜ የባሱቶላንድ ኮንግረስ ፓርቲ ከመራጩ አራት እጅ ሦስቱን ያህል አግኝቶ የምክር ቤቱን 65 ወንበሮች አንድ ሳያስቀር ወሰደ። በ1998ም አዲሱ ገዥ ፓርቲ፣ የሌሶቶ ኮንግረስ ለዴሞክራሲ፣ ከመራጩ ስድሳ በመቶ ያህሉን ይዞ ከ80 ወንበሮች 79ኙን ሲጠቀልል፣ ከአራት መራጮች አንዱን ያህል የያዘው የባሶቶ ብሔራዊ ፓርቲ ግን አንዲት ወንበር ብቻ ደረሰው። ድምፁ የት እንደ ገባ ያልታየው ሕዝብ ወደ አደባባይ ወጣ፤ በሴፕቴምበር ወር የደቡብ አፍሪካና የቦትስዋና ወታደሮች ድንበሩን ተሻግረው ገቡ፤ የማሴሩም የንግድ ሰፈር በእሳት ነደደ። እኔ በበኩሌ የዚያን ጊዜውን ቃጠሎ ምክንያት ስፈልግ ከወታደሩና ከዘራፊው አስቀድሞ የሚታየኝ ያ 79 የተባለ ቁጥር ነው፤ የሩብ ሕዝብን ድምፅ በአንዲት ወንበር የሚመዝን ሚዛን ሰላም ሊያወርድ አይችልምና።

ከፍርስራሹ መካከል አንድ መልካም ነገር በቀለ። ተቃዋሚውና ገዥው ወገን በአንድነት ተቀምጠው፣ ከ2002 ምርጫ ጀምሮ የምክር ቤቱን ወንበሮች 120 አደረጉ፤ ከእነዚህም 80ዎቹ እንደ ቀድሞው በየወረዳው በግል ፉክክር እንዲያዙ፣ 40ዎቹ ደግሞ በወረዳ ፉክክር ለተጎዱት ፓርቲዎች ማካካሻ ሆነው በጠቅላላ ድምፃቸው መጠን እንዲከፈሉ ተወሰነ። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ በመጀመሪያ አንድ ፓርቲ ከመላው አገር ድምፅ ባገኘው ድርሻ ከ120ው ስንት ወንበር ሊደርሰው እንደሚገባ ይሰላል፤ ከዚያ በየወረዳው ያሸነፈው ይቀነስለታል፤ ጉድለት ቢኖርበት ጉድለቱ ከ40ዎቹ ይሟላለታል፤ ከድርሻው በላይ በወረዳ የወሰደ ግን ከማካካሻው ምንም አይጨመርለትም። ጀርመንና ኒው ዚላንድ የሚጠቀሙበትን ይህን ድብልቅ ሥርዓት ከአፍሪካ አገሮች አስቀድማ የተቀበለች ሌሶቶ ናት። በ2007 ትልልቆቹ ፓርቲዎች ከትንንሾቹ ጋር ተመሳጥረው፣ የወረዳውን ድምፅ ለራሳቸው፣ የማካካሻውን ድምፅ ለትንሹ ሸሪካቸው እንዲሰጥ መራጩን መክረው ሥርዓቱን አጣመሙት፤ ስለዚህም ከ2012 ጀምሮ መራጩ በአንድ ወረቀት ብቻ እንዲመርጥ ተደረገ።

ሥርዓቱ ፍትሐዊ ከሆነ ዘንድ ማንም ብቻውን ከ120ው አብላጫ የሚሆነውን 61 ወንበር ማግኘት አስቸጋሪ እንደሚሆን የታወቀ ነበር። ሆኖም ሥርዓቱን ያቆሙት ሰዎች አንድ በር ሳይዘጉ ተዉ፤ አንድ የወረዳ እንደራሴ ከተመረጠበት ፓርቲ ወጥቶ፣ ወንበሩን እንደ ያዘ ወደ ሌላ ፓርቲ መሻገር ይችል ነበር።

ይህ በር ምን እንዳደረገ ለማየት የፓርቲዎቹን የትውልድ ሐረግ መቁጠር ያስፈልጋል። በ1952 የተመሠረተው የባሱቶላንድ ኮንግረስ የሌሶቶ ኮንግረስ ለዴሞክራሲን ወለደ፤ ይኸውም በ1997 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ንትሱ ሞኼሌ ከገዛ ፓርቲያቸው ጋር ተጣልተው፣ ከእንደራሴዎቹ አብዛኞቹን አስከትለው በመውጣት ራሳቸው የመሠረቱትን ፓርቲ በአንድ ጀንበር ተቃዋሚ ሲያደርጉት ነው። የሌሶቶ ኮንግረስ ለዴሞክራሲም በ2006 የቶማስ ታባኔን መላ ባሶቶ ኮንቬንሽን ወለደ፤ በ2012 መጀመሪያ ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ፓካሊታ ሞሲሲሊ ከዚያው ቤት ወጥተው ዴሞክራቲክ ኮንግረስን አቋቋሙ፤ ከዴሞክራቲክ ኮንግረስ የሞንያኔ ሞሌሌኪ የዴሞክራቶች ኅብረት ተወለደ፤ ከኮንቬንሽኑም በ2021 የንቆሳ ማሃኦ የባሶቶ ተግባር ፓርቲ ወጣ። በዚህ ሁሉ ልደት ውስጥ ስለ መሬት፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ሥራ አዲስ ሐሳብ ይዞ የተወለደ ጥቂት ነው። የልደቱ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ የመንበር ተራ ነበር።

እንግዲህ በሜይ 2012 የተደረገው ምርጫ ውጤት ሲነገር ዴሞክራቲክ ኮንግረስ 48፣ ኮንቬንሽኑ 30፣ የሌሶቶ ኮንግረስ 26 ወንበር አገኙ፤ ጥንታዊው ብሔራዊ ፓርቲ ደግሞ አምስት ይዞ ቀረበ። ሠላሳና ሃያ ስድስት አምሳ ስድስት ነው፤ አምስቱ ሲጨመር ልክ ስድሳ አንድ ይሆናል። ሞሲሲሊ ከሁሉ የበለጠ ወንበር ይዘው ሳለ መንግሥት ለማቆም የሚበቃ አጋር ስላላገኙ ወረዱ፤ ታባኔ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ የሌሶቶ ኮንግረስ መሪ ሞቴጆዋ ሜትሲንግ ምክትል ሆኑ። በምክር ቤቱ ውስጥ ጣምራውን ከውድቀት የሚለየው አንዲት ወንበር ብቻ ነበረች።

ብዙዎች የዚያ መንግሥት ምክንያተ ውድቀት ይህ የቁጥር ማነስ ነው ይላሉ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም፤ ከዚያ በባሰ ጠባብ ብልጫ ዘመናቸውን የፈጸሙ መንግሥታት አሉና። ደዌው ከአከፋፈሉ የመጣ ነበር። ሚኒስቴሮቹ ለሦስቱ ፓርቲዎች ሲታደሉ፣ እያንዳንዱ ፓርቲ የደረሰውን መሥሪያ ቤት እንደ ርስተ ጉልት ያዘው፤ ሹመቱም ግዢውም የዚያ ፓርቲ፣ ምስጋናውም የዚያ ፓርቲ ሆነ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሌላው ፓርቲ ርስት ላይ እጃቸውን ሲዘረጉ ጥቃት ይባላል፤ ሳይዘረጉም ሲቀሩ መንግሥቱ ራስ የሌለው አካል ይመስላል። ሜትሲንግ ሳልማከር ይወሰናል እያሉ ያጉረመርሙ ነበር፤ ታባኔ በፊናቸው ሥልጣነ ሹመት በሕገ መንግሥቱ የተሰጠ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው ይሉ ነበር። ሁለቱም በከፊል እውነት ተናግረዋል። ሕገ መንግሥቱ የተጻፈው አንድ ፓርቲ ብቻውን እንደሚገዛ ታስቦ ስለ ነበር፣ ስለ ሁለተኛው ሰው መብት የሚናገር አንቀጽ አልነበረውምና፤ ሦስቱን ያስተሳሰረውም ቃል ኪዳን ጠብ ሲነሣ ማን እንደሚዳኝ አይገልጽም ነበር። በአንድ ቀንበር ተጠምደው ወደ የማሳቸው የሚጎትቱ በሬዎች ሆኑ።

በ2014 አጋማሽ ሜትሲንግ ከሞሲሲሊ ጋር አዲስ ውል ለመዋዋል መነሣታቸው በታወቀ ጊዜ፣ ታባኔ የአለመተማመኛ ድምፅ እንዳይሰጥባቸው ሲሉ ምክር ቤቱ ለዘጠኝ ወር እንዲዘጋ ንጉሡን ሌትሲዬ ሣልሳዊን መክረው አዘጉት። የክርክሩ አደባባይ ሲዘጋ ክርክሩ ወደ ጦር ሰፈርና ወደ ፖሊስ ጣቢያ ተዛወረ፤ ጦሩ ወደ አንደኛው፣ ፖሊሱ ወደ ሌላው ያዘነበለ መሆኑ ይነገር ነበር። ታባኔ የጦሩን አዛዥ ትላሊ ካሞሊን ሽረው በቦታው ማፓራንኮዌ ማሃኦን ሾሙ፤ በነጋታው ከላይ የተረክሁት ሌሊት መጣ። ማሃኦ በዚያን ጊዜ ቢያመልጡም በጁን 2015 በወታደሮች ጥይት ወደቁ፤ ከስድስት ዓመት በኋላ የባሶቶ ተግባር ፓርቲን የመሠረቱት ንቆሳ ማሃኦ የእርሳቸው ወንድም ናቸው።

ከዚያ ወዲያ ያሉትን ዓመታት በአጭሩ ላሳልፍ። የደቡባዊ አፍሪካ አገሮች ማኅበር ሲሪል ራማፎዛን ለሽምግልና ልኮ ምርጫው በፌብሩዋሪ 2015 ተደረገ፤ ዴሞክራቲክ ኮንግረስ 47፣ ኮንቬንሽኑ 46 አገኘ። የሌሶቶ ኮንግረስ 12 ወንበሩን ለሞሲሲሊ ሲጨምር 59 ሆነ፤ የጎደሉትን ሁለት ለመሙላት አምስት ትንንሽ ፓርቲዎች ተጨምረው ሰባት ራስ ያለው መንግሥት ተቋቋመ። ከእነዚያ አምስቱ አንዱ፣ ከ22 ዓመት በፊት የምክር ቤቱን ወንበር ሁሉ የያዘው፣ አሁን ግን አንዲት ወንበር ብቻ የቀረችው የባሱቶላንድ ኮንግረስ ነበር። ያም መንግሥት በማርች 2017 ወደቀ። በዚያው ዓመት ታባኔ ከሦስት አጋሮች ጋር በ63 ወንበር ተመለሱ፤ ቃለ መሐላቸውን ሊፈጽሙ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ተለያይተው ይኖሩ የነበሩት ባለቤታቸው በጥይት ተገደሉ። ፖሊስ በ2020 ታባኔን በዚህ ጉዳይ ሲጠይቃቸው የገዛ ፓርቲያቸው ከሁለት ተከፈለ፤ እርሳቸውም በሜይ ወር ከሥልጣን ወረዱ፤ የተመሠረተባቸው ክስ ኋላ በ2022 ተነሥቷል።

ይህን ሁሉ የሚመለከተው ሕዝብ ምን አደረገ? ብዙው ከቤቱ ቀረ። በ2002 ከተመዘገቡት መራጮች ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ወደ ምርጫ ጣቢያ ወጥተው ነበር፤ በ2022 ግን ከአሥሩ የወጡት ከአራት አይበልጡም። መንገድ ወደማይደርስባቸው የተራራ መንደሮች የምርጫው ሣጥን በሄሊኮፕተር ሲወሰድ፣ በሜዳው ያሉ ከተሞች ሰዎች ደግሞ ጣቢያው በደጃቸው ሳለ አልገቡበትም። ስለ እንግዳ ፓርቲዎች መነሣት በሚነገርበት ጊዜ ሁሉ የሕዝቡ ቁጣ ይወሳል። በሌሶቶ የታየኝ ግን ከቁጣው ይልቅ መታከቱ ነው፤ የተቆጣ መራጭ ወጥቶ ይመርጣል፣ የታከተው ግን ሜዳውን ትኩስ ተስፋ ለያዙት ጥቂቶች ይለቅላቸዋል።

ሳም ማቴካኔ የመጡት በዚህ ባዶ ሜዳ ላይ ነው። በ1958 በማንትሶንያኔ ተራሮች የተወለዱ፣ በመንገድ ሥራና በአልማዝ ንግድ የበለጸጉ፣ ከላይ በቆጠርነው የትውልድ ሐረግ ውስጥ ስማቸው የሌለ ሰው ናቸው። በማርች 2022 አብዮት ለብልጽግና የተባለውን ፓርቲ ሲያቋቁሙ በዙሪያቸው የሰበሰቧቸው ነጋዴዎችንና ምሁራንን ነበር፤ ከእነርሱም መካከል የማዕከላዊው ባንክ ገዥ የነበሩት ሬትሴሊሲትሶዌ ማትላንያኔና ዋና ዳኛ የነበሩት ንቶመንግ ማጃራ ይገኙ ነበር። ስብከታቸው አጭር ነበር፤ ንግዱን እንዳስተዳደርን መንግሥቱን እናስተዳድራለን የሚል። ፓርቲው በተመሠረተ በሰባተኛው ወር፣ ኦክቶበር 7 ቀን፣ ከ120ው ወንበር 56ቱን ወሰደ። የታባኔ ኮንቬንሽን ከ48 ወደ 8 ወረደ።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ቁጥር ላይ ጥቂት ቁም። እንግዳው ፓርቲ ከመራጩ ግማሹን እንኳ ሳያገኝ በወረዳው ፉክክር ከሁሉ በለጠ፤ ስለዚህም ከማካካሻው ወንበር አንዳች አልደረሰውም፤ ማካካሻውም ነባሮቹን ፓርቲዎች ከጥፋት አዳናቸው። እንግዳው ደግሞ ከስድሳ አንዱ አምስት ጎደለበት። ነባሮቹን ሊያሰናብት የመጣው ኃይል በነጋታው ከሁለቱ ነባሮች፣ ከዴሞክራቶች ኅብረትና በሴሊቤ ሞቾቦሮአኔ ከሚመራው የኢኮኖሚ ለውጥ ንቅናቄ ጋር ውል ለመዋዋል ተቀመጠ። ሞሌሌኪ የኮንግረሱ ቤት ልጅ፣ ሞቾቦሮአኔም በመጀመሪያው ጣምራ መንግሥት ሚኒስትር የነበሩ ናቸው። ኦክቶበር 28 ቀን በሴትሶቶ ስታዲየም ማቴካኔ በንጉሡ ፊት ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ፣ አሮጌው ሥርዓት በአዲሱ ካቢኔ ውስጥ ወንበሩን ይዞ ነበር።

በዚህ ማቴካኔን የሚወቅሱ አሉ፤ እኔ አልወቅሳቸውም። ከድምፅ ግማሹን ያላገኘ ሰው ብቻውን ሊገዛ አይገባውም፤ የ1998ቱን ቃጠሎ ያየች አገር ይህን ከማንም ይልቅ ታውቀዋለች። የሚያሳዝነኝ የአሮጌው ሥርዓት ደዌ አብሮ መግባቱ ነው። በኦክቶበር 2023፣ ሙሉ ዓመት ሳይሞላ፣ የአለመተማመኛ ጥያቄ በማቴካኔ ላይ ቀረበ፤ ከገዛ ፓርቲያቸው እንደራሴዎችም የከዱ ነበሩ። የጦሩ፣ የፖሊሱና የስለላው አለቆች በአንድነት ወጥተው መንግሥቱ እንዳይፈርስ የሚያስጠነቅቅ መግለጫ አነበቡ፤ ይህ ለማቴካኔ ድጋፍ ቢመስልም፣ በ2014 ሌሊት የተከፈተው በር ገና እንዳልተዘጋ የሚያሳይ ነገር ስለ ነበር አደጋው ከጥቅሙ ይበልጣል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የተረፉት የንቆሳ ማሃኦን ፓርቲ ወደ ጣምራው ጨምረው ነው። ፓርቲው በስሙ የያዘው ብልጽግናም በተራው ከባድ ነፋስ ገጠመው፤ በ2025 አሜሪካ በሌሶቶ ዕቃ ላይ 50 በመቶ ቀረጥ እንደምትጥል ስታስታውቅ፣ ኋላ ወደ 15 በመቶ ብታወርደውም፣ በማሴሩ የሚገኙት የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች ትእዛዛቸውን አጡ፤ መንግሥቱም በወጣቱ ሥራ ማጣት ምክንያት የአደጋ ጊዜ ዐወጀ።

እንዲህ ያለ ዕጣ የሌሶቶ ብቻ አይደለም። በ2002 በኔዘርላንድ የፒም ፎርታውን አዲስ ፓርቲ፣ መሪው ከምርጫው ዘጠኝ ቀን በፊት ተገድሎ ሳለ፣ ከ150 ወንበር 26ቱን ይዞ ወደ ጣምራ መንግሥት ገባ፤ የሚኒስትሮቹ የእርስ በርስ ጠብ ግን ያንን መንግሥት በ87 ቀን አፈረሰው። ልዩነቱ በዚያ አገር መንግሥት ሲፈርስ ወንዝ የተሻገረ ጠቅላይ ሚኒስትር አለመኖሩ ነው። እዚያ ፓርቲዎች ቃለ መሐላ ከመፈጸማቸው በፊት ለወራት ተቀምጠው ውላቸውን አንቀጽ በአንቀጽ ይጽፋሉ፤ ጽሑፉም ለሕዝብ ይገለጣል፤ መንግሥቱ ቢፈርስ እስከ ምርጫው ማን በአደራ እንደሚቆይ አስቀድሞ የታወቀ ነው።

የኛም ሕገ መንግሥት ይህን ነገር ጨርሶ አልዘነጋውም። በ1995 የጸናው ሕግ በ60ኛው አንቀጹ፣ ጣምራ መንግሥት ፈርሶ የምክር ቤቱን አብላጫ ድምፅ ያጣ እንደ ሆነ፣ ፕሬዚዳንቱ ሌላ ጣምራ መንግሥት እንዲመሠረት ፓርቲዎችን በአንድ ሳምንት ውስጥ እንዲጋብዝ፣ ይህ ካልተቻለም ምክር ቤቱ ተበትኖ ምርጫ እንዲደረግ ያዝዛል። አንቀጹ እስከ ዛሬ ለሥራ ተጠርቶ አያውቅም፤ በተጠራ ቀን ግን አንድ ሳምንት ይበቃ እንደ ሆነ፣ በዚያም ሳምንት ጦሩ የማንን ትእዛዝ እንደሚሰማ አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል፤ የሌሶቶ ሕግ አውጪዎች ይህን ጥያቄ ለነገ ይደር ብለው ነበርና።

አሁን እነርሱ ዘግይተውም ቢሆን ሥራውን ይዘውታል። በ2020 የጸደቀው ዘጠነኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ፣ የምክር ቤቱን አመኔታ ያጣ ጠቅላይ ሚኒስትር እንደ ፈቀደ ምክር ቤቱን እንዳይበትን ሥልጣኑን አጠበበ። ለ2027 ከሚጠበቀው ምርጫ በፊት የቀረው ሥራ ከዚህ ይከብዳል፤ በአንድ ፓርቲ ስም ተመርጦ ወደ ሌላው የሚሻገር እንደራሴ ወንበሩን ለመረጠው ሕዝብ እንዲመልስ ማድረግ፣ የጣምራውንም ውል ቃለ መሐላው ከመፈጸሙ በፊት በጽሑፍ ማሳወጅ ነው። ይህን ሕግ የሚያወጡት ግን እነዚያው መሻገር የለመዱ እንደራሴዎች ናቸው።